እስራኤላውያን በምድረ በዳ በመና ብቻ አልኖሩም

በማኅበራዊ ሚዲያ ከዓመት ዓመት የሚመላለስ አንድ ስሌት አለ። ሙሴ ሕዝቡን ይዞ ከግብፅ ሲወጣ ለአንድ ቀን ብቻ 1,500 ቶን ምግብ፣ 4,000 ቶን ማገዶና 11 ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ያስፈልገው ነበር ይላል። ምግቡን ለማድረስ እያንዳንዳቸው አንድ ማይል የሚረዝሙ ሁለት የጭነት ባቡሮች በየቀኑ መምጣት ነበረባቸው ብሎም ይጨምራል። የአንድ የጦር ሠራዊት የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ሥራ ነው ይባላል፤ የኃላፊው ስም ግን የትም አይጠቀስም። አማኙ «እግዚአብሔር ያደረገውን ተመልከቱ» ብሎ ያጋራዋል፤ ተጠራጣሪው ያንኑ ጽሑፍ «ይኸው፣ ሊሆን የማይችል ታሪክ» ብሎ ያጋራዋል።

ሁለቱም ስሌቱን አምነው ነው የሚከራከሩት። ኦሪት ዘፀአት፣ ዘኍልቍና ዘዳግም ስለ ምግብና ውሃ የሚሉትን ቦታ በቦታ ለቅሞ ላየ ሰው ግን ሌላ ሥዕል ይወጣል። ከግብፅ የተሸከሙት ሊጥ አለ። የሚነዳ መንጋ አለ። በብር የሚገዛ እህልና ውሃ አለ። በጋብቻ የተገኘ መንገድ መሪ፣ በበትር የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በጦርነት የተማረከ ከብት አለ። መናው ከእነዚህ መካከል ትልቁን ስፍራ ቢይዝም ብቻውን አልነበረም። ይህን ማለት ተአምሩን መካድ አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ ተአምሩንና ገበያውን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የቀረልን አንዱ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ረስተነዋል።

ባቡሩን ለጊዜው አቁመን ስሌቱን እንፈትሸው

11 ሚሊዮን ጋሎን ከ41 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው። ወጡ ለሚባሉት ሁለት ሚሊዮን ሰዎች ቢካፈል ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ያህል ይደርሰዋል። ዛሬ የእርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት «ስፌር» የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለተፈናቃይ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መጠን 15 ሊትር ነው፤ እሱም መጠጡን፣ ማብሰያውንና መታጠቢያውን አንድ ላይ ይዞ። ስሌቱን የሠራው ሰው የበረሃውን ተጓዥ ጀሪካን ይዞ ከሚሰለፍ የመጠለያ ነዋሪ አብልጦ አጠጥቶታል ማለት ነው። በሲና የኖረ ሰው ውሃን የሚያውቀው ለጉሮሮና ለከብት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 19 ሕዝቡ ልብሱን እንዲያጥብ ትእዛዝ የወጣው እግዚአብሔር በተራራው ላይ ሊወርድ ሲል ነበር። የቅድስና ሥርዓትነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ልብስ ማጠብ በዚያ ምድር የተለየ ቀን ሥራ እንደነበረም ይጠቁማል።

ማገዶውም ያው ነው። 4,000 ቶን በነፍስ ወከፍ 2 ኪሎ ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ትኩስ ምግብ ለሚያበስል የጦር ሰፈር ካልሆነ በቀር ምን ያደርጋል? ከብት ያለው ሕዝብ ኩበት አለው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 4 እንጀራውን በከብት ኩበት እንዲጋግር ሲፈቀድለት እናነባለን፤ በዚያ አካባቢ ያልተለመደ ነገር አልነበረም።

ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ቦታ ነው። ስሌቱ ሕዝቡ 40 ዓመት ሙሉ ያለ ማቋረጥ እንደተጓዘ ያስባል፤ ብዙዎቻችንም እንደዚያው እናስባለን። መጽሐፉ የሰጠውን ቀን እንቁጠር። ከራምሴ የተነሱት በመጀመሪያው ወር በ15ኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ወር ሲና ተራራ ሥር ሰፈሩ። ከዚያ የተነሱት በሁለተኛው ዓመት፣ በሁለተኛው ወር፣ በ20ኛው ቀን ነው። እንግዲህ 11 ወር ገደማ አንድ ቦታ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ ወደ ቃዴስ በርኔ ሄዱ፤ ሰላዮቹ ተልከው ከተመለሱና ያ ሁሉ ሁከት ከሆነ በኋላ በዚያ «ብዙ ቀን» እንደተቀመጡ ዘዳግም ምዕራፍ 1 ይናገራል። ከቃዴስ በርኔ ተነስተው የዛሬድን ወንዝ እስኪሻገሩ ያለፈው ጊዜ 38 ዓመት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 የተዘረዘሩት የጉዞ ስፍራዎች በጠቅላላ 42 ናቸው። 42 ስፍራ ለ40 ዓመት ሲካፈል በአማካይ በዓመት አንድ መነሳት ነው፤ አብዛኛዎቹ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓመት ናቸው።

አሁን የማጉረምረሙን ቦታዎች በዚህ ላይ እናስቀምጣቸው። ባሕሩን ተሻግረው ሦስት ቀን ውሃ አጥተው ሲሄዱ፣ ማራ ላይ አጉረመረሙ። ከግብፅ በወጡ በወሩ፣ የተሸከሙት ሲያልቅ፣ በሲን ምድረ በዳ ስለ እንጀራ አጉረመረሙ። ራፊዲም እንደደረሱ ስለ ውሃ ተጣሉ። ከሲና ተነስተው የሦስት ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ ስለ ሥጋ አለቀሱ። ቃዴስ ሲደርሱ ስለ ውሃ፣ ኤዶምን ሲዞሩ ስለ ውሃና ስለ እንጀራ ጮኹ። በሲና ሥር በተቀመጡበት በዚያ ሁሉ ወር ግን ስለ ምግብም ሆነ ስለ ውሃ አንድ አቤቱታ አልተመዘገበም። የወርቅ ጥጃ ሠርተዋል፤ ተርበናል አላሉም። ችግሩ የሚመጣው ድንኳን ተነቅሎ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው በሚኬድበት ክፍተት ነው። ሰፈር ሲረጋ መንጋው ግጦሽ ያገኛል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ነጋዴም መንገዱን ያውቃል።

ከግብፅ የወጣው ጭነት

ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ያልቦካውን ሊጥ ከነቡሃቃው በልብሳቸው ጠቅልለው ተሸከሙ፤ ከሱኮት ጀምሮ የበሉት እሱን ቂጣ ጋግረው ነው። ወር ያህል የዘለቃቸው ይኼው፣ ከሌላ ከያዙት ጋር፣ መሆን አለበት፤ የእንጀራ ጩኸቱ የተነሳው በሁለተኛው ወር በ15ኛው ቀን ነውና።

ከሊጡ ይልቅ የሚበልጡት ሁለት ነገሮች ግን ብሩና መንጋው ነበሩ።

ከግብፃውያን ጎረቤቶቻቸው የብርና የወርቅ ዕቃ፣ ልብስም ተቀብለው ወጡ። ምን ያህል? ለመገናኛው ድንኳን የዋለው ብቻ በዘፀአት ምዕራፍ 38 ተመዝግቧል፤ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል ወርቅ፣ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ብር፣ 70 መክሊት ከ2,400 ሰቅል ናስ። አንድ መክሊት ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆነ ብሩ ብቻ ከሦስት ቶን ያልፋል። በበረሃ ብር አይበላም፤ የሚሸጥ ሰው ካለ ግን ይበላል። ዘዳግም ምዕራፍ 2 ላይ ያለው ትእዛዝ እጅግ ግልጽ ነው፤ ከዔሳው ልጆች የምትበሉትን በገንዘብ ግዙ፣ የምትጠጡትንም ውሃ በገንዘብ ግዙ። በዚያው ምዕራፍ ሙሴ ወደ ሐሴቦን ንጉሥ ወደ ሴዎን መልእክተኛ ሲልክ ያቀረበው ጥያቄ «ምግብ በገንዘብ ሽጥልኝ፣ ውሃም በገንዘብ ስጠኝ» የሚል ነበር። ለኤዶም ንጉሥ ደግሞ በንጉሡ ጎዳና ብቻ እንሄዳለን፣ እርሻና ወይን አንነካም፣ እኛም ከብቶቻችንም ከውሃህ ብንጠጣ ዋጋውን እንከፍላለን አሉት። ኤዶም እንቢ ብሎ ጦር አሰለፈ። በሰይር የተቀመጡት የዔሳው ልጆችና በዔር ያሉት ሞዓባውያን ግን እንደሸጡላቸው ዘዳግም ይመሰክራል። ምዕራፍ 23 በበኩሉ አሞናውያንና ሞዓባውያን እንጀራና ውሃ ይዘው ሊቀበሏችሁ አልወጡም ብሎ ይወቅሳል። ቅራኔ የሚመስለው ነገር ምናልባት ቅራኔ ላይሆን ይችላል። እንግዳን በእንጀራና በውሃ መቀበል አንድ ነገር ነው፣ ዋጋ አስከፍሎ መሸጥ ሌላ።

ገበያ መኖሩን የሚያሳይ ሌላ ምልክትም አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 24 መሠረት በየሰንበቱ 12 ኅብስት በመቅደሱ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ከኢፍ መስፈሪያ ከአሥር እጅ ሁለት እጅ መልካም ዱቄት ይወስዳል። በሳምንት ከ50 ሊትር ያላነሰ ዱቄት ማለት ነው። ለመብራቱ የወይራ ዘይት፣ ለዕጣኑ ቅመም ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለቱ አለቆችም በዘኍልቍ ምዕራፍ 7 በዘይት የተለወሰ ዱቄት ይዘው መጥተዋል። ስንዴ ካልዘሩ፣ ወይራ ካልተከሉ ከየት መጣ? ሙሴ በዘዳግም ምዕራፍ 29 «እንጀራ አልበላችሁም፣ ወይን አልጠጣችሁም» ማለቱን ሳንረሳ፣ ጥቂቱና ውዱ ዱቄት ለመሠዊያው፣ መናው ለሕዝቡ ነበር ብሎ ማንበብ ይቻላል። ነቢዩ አሞጽ ግን «በምድረ በዳ አርባ ዓመት መሥዋዕትን አቅርባችሁልኛልን?» ብሎ ስለሚጠይቅ ይህም ቢሆን ያለ ክርክር አይታለፍም።

ወደ መንጋው እንምጣ። አንባቢን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ እጅግ ብዙ በግ፣ ፍየልና ላም ይዘው ከወጡ፣ በዘኍልቍ ምዕራፍ 11 «ሥጋ ማን ያበላናል?» ብለው ለምን አለቀሱ? መልሱ በሙሴ ጥያቄ ውስጥ አለ። በጎችና ላሞች ቢታረዱላቸው ይበቃቸው ይሆን? ይላል ሙሴ። አርብቶ አደር ከብቱን ያልባል፣ ከበዓልና ከመሥዋዕት ውጪ አያርድም። አንድ ጊዜ ለጥጋብ ማረድ ከተጀመረ በሚቀጥለው ዓመት የሚታለብ የለም። የበረሃ እረኛ ምግቡ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ነው፤ ሥጋ ቁጠባው ነው።

ልቅሶውን ማን ጀመረው የሚለውም ሊታይ ይገባል። ጽሑፉ ምኞቱ የተነሳው አብረዋቸው ከወጡት ድብልቅ ሕዝብ መካከል ነው ይላል። የናፈቁትም ዓሣ፣ ዱባ፣ በጢሕ፣ ኩራት፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው። ይህ የአባይ ዳር ሠራተኛ ማዕድ ነው። መንጋ የሌለው፣ ከከተማ ግንባታና ከጡብ ሥራ ጋር የወጣ ሰው ከባለ መንጋው ቀድሞ መራቡ አያስገርምም። ጽሑፉ እንደዚያ ብሎ ባይናገርም፣ የእኔ ግምት በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሆድ እንደነበረ ነው፤ ወተት ያለውና የሌለው።

ልብሱስ? ልብሳችሁ አላረጀም፣ እግራችሁም አላበጠም የሚለውን ቃል ሁሉም ያስታውሰዋል። በዘፀአት ምዕራፍ 35 ሴቶቹ የፍየል ጠጉር ሲፈትሉ መታየታቸውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ባዶ ያልነበረው ምድረ በዳ

ሲና ወደ 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ መሬት ነው። በዝናብ ድሃ ቢሆንም ሰው አጥቶ የሚያውቅ አይደለም። በደቡብ ምዕራቡ በሰራቢት ኤል ኻዲም ፈርዖኖች ለብዙ መቶ ዓመታት የከበረ ድንጋይ ሲያስቆፍሩ ኖረዋል፤ ሐቶር ለተባለች እንስት አምላካቸውም ቤተ መቅደስ አሠርተውበታል። ሠራተኛው፣ ወታደሩና የጭነት አህያው ሁሉ በበረሃው መካከል መብላትና መጠጣት ነበረበት። ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በስተሰሜን ከፍ ብሎ በቲምና የመዳብ ማዕድን ነበር፤ እዚያም ግብፃውያንና ምድያማውያን አብረው ይሠሩ እንደነበር ቁፋሮው አሳይቷል። በሰሜን የሜዲትራኒያን ዳርቻ ወደ ከነዓን የሚወስደው የፈርዖን የጦር መንገድ በምሽግ፣ በእህል ጎተራና በውሃ ማጠራቀሚያ የተሞላ ነበር፤ የፈርዖኑ የቀዳማዊ ሴቲ ሥዕል በካርናክ ግድግዳ ላይ ምሽጎቹን ከነውሃ ጉድጓዶቻቸው ያሳያል። ከስንቅ አንጻር ምርጡ መንገድ እሱ ነበር። እግዚአብሔር ግን በፍልስጥኤማውያን ምድር መንገድ አልመራቸውም፣ ሰልፍ አይተው እንዳይመለሱ፣ ይላል ዘፀአት 13። ጎተራው ባለበት ወታደሩም አለ።

የግብፅ የድንበር ሹም በፈርዖን ሜርኔፕታ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ለአለቃው የጻፈው ዘገባ በፓፒረስ ላይ ተርፎልናል። ከኤዶም የመጡ ሻሱ የተባሉ ዘላኖች እነሱም ከብቶቻቸውም በሕይወት እንዲቆዩ በምሽጉ በኩል አልፈው ወደ ፔር አቱም ኩሬዎች እንዲገቡ ፈቅደናል ይላል። ምሽጉ ያለበት ቴኩ የሚባለው አውራጃ ብዙዎች ሱኮት ናት የሚሏት ቦታ ነው። እንግዲህ እስራኤላውያን የወጡበት በር ዘላኖች በድርቅ ጊዜ የሚገቡበት በር ነበር። በረሃውና የአባይ ደለል በአንድ ኑሮ የተሳሰሩ ነበሩ፤ መንገዱንና ውሃውን የሚያውቅ ሕዝብ በመካከላቸው ይመላለስ ነበር።

ሙሴ ከዚህ ሕዝብ ጋር የተዛመደው በጋብቻ ነው። የምድያም ካህን የዮቶር አማች ሆኖ ዓመታት በግ የጠበቀበት ምድር እስከ ኮሬብ ድረስ ነበር። ሕዝቡን ይዞ ሲመለስ ወደማያውቀው በረሃ አልገባም። ከሲና ሲነሱ ደግሞ የሚስቱን ወገን ኦባብን ለመነው፤ በምድረ በዳ የምንሰፍርበትን አንተ ታውቃለህና አትተወን፣ ዓይን ሁነን አለው። የደመናው ዓምድ እየመራቸው ዓይን የሚሆን ሰው መፈለጉ ያለፉት ዘመናት ተርጓሚዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ለእኔ ግን ይህ ጽሑፉ የበረሃ ሰው እጅ እንዳለበት ከሚያሳዩት ቦታዎች አንዱ ነው። ደመናው መቼ እንደሚነሱና የት እንደሚያርፉ ያሳያል፤ ካረፉ በኋላ የትኛው ሸለቆ አሸዋ ሥር ውሃ እንዳለ፣ የትኛው ዳገት ፍየል እንደሚያሰማራ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

የውሃው ነገር ሦስት መልክ አለው። አንደኛው የተዘጋጀ ምንጭ ነው፤ ኤሊም 12 ምንጭና 70 የዘንባባ ዛፍ ነበራት፣ ብዙ ተመራማሪዎችም ዛሬ ዋዲ ጋራንደል በሚባለው ቦታ ያስቀምጧታል። ሁለተኛው ተአምር ነው። ማራ ላይ መራራው ውሃ እንጨት ተጥሎበት ጣፈጠ፤ በ1816 እ.ኤ.አ. ሲናን ያቋረጠው ስዊዘርላንዳዊ ተጓዥ ቡርክሃርት ውሃ የሚያጣፍጥ እንጨት ታውቃላችሁ ወይ ብሎ በየቦታው ቤዱዊኖችን ጠይቆ አዎ ያለው አላገኘም። ራፊዲምና ቃዴስ ላይ ውሃ ከዓለት ወጣ። በ1920ዎቹና 30ዎቹ የሲና ገዥ የነበረው እንግሊዛዊው ሻለቃ ጃርቪስ፣ የሱዳን ግመልተኛ ወታደሮች በዓለት ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ሲቆፍሩ አንዱ ዓለቱን ቢመታው የኖራ ድንጋዩ ቅርፊት ተሰብሮ ውሃ ፏ ብሎ እንደወጣ ጽፏል። ይህ ወሬ ተአምሩን «ለማስረዳት» ሺህ ጊዜ ተጠቅሷል። ወታደር ውሃ ሲያጠጣ ያሳያል፤ ሕዝብ ሲያጠጣ አያሳይም፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛው መልክ መቆፈር ነው፤ ስለ እሱ የሚሰብክ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 21 ብኤር በተባለች ቦታ «አንተ ጉድጓድ ሆይ፣ ፍለቅ» እያሉ ዘመሩ፤ አለቆች የቆፈሩት፣ የሕዝብ ታላላቆች በበትራቸው ያጎደጎዱት ጉድጓድ ይሉታል። ቦረና ላይ በኤላ ዙሪያ ሰው ተደራርቦ ቆሞ እየዘፈነ ውሃ ሲያወጣ ያየ ሰው ይህ መዝሙር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም። የሥራ ዘፈን ነው።

መናውና ድርጭቱ

መና ሌሊት ከጤዛ ጋር ይወርዳል፤ ድንብላል የሚያህል፣ ነጭ፣ ጣዕሙ እንደ ማር እንጎቻ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ ይቀልጣል። በወፍጮ ይፈጫል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በድስት ይቀቀላል። በዚያው በሲና የታማሪስክ ቁጥቋጦን የሚመጠምጡ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ጣፋጭ ጠብታ አለ፤ ቤዱዊኖች በሰኔ ወር በማለዳ፣ ጉንዳን ሳይቀድማቸው፣ ይለቅሙታል፣ «መን» ይሉታል። በ1927 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የተላከ የሳይንስ ቡድን ነፍሳቱን በቦታው አጥንቷል። ከእሱ ብዙ ቀደም ብሎ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ጆሴፈስ በአንደኛው ክፍለ ዘመን፣ በዚያ ቦታ እስከ ዛሬ መና ይወርዳል ብሎ ጽፏል።

መመሳሰሉ አይካድም። ታሪኩን የጻፈው ሰው ሲናን በወሬ ብቻ አላወቀም። ይህ ጠብታ ግን በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚገኝ፣ በመልካም ዓመት እንኳ ከመላው ሲና በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ስኳር ነው። በጎሞር ተሰፍሮ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ገደማ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ክረምት ከበጋ ይሰጥ ነበር ከሚለው ጋር አይገናኝም። ስኳር ብቻውንም ሰው አያቆምም። «መና እኮ የነፍሳት ጠብታ ነው» ብሎ የሚዘጋው ሰው ጥያቄውን አልመለሰም፤ ጠብታውን ያገኘው ጸሐፊው ከጀመረበት ቦታ ነው።

ከምግቡ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የአከፋፈሉ ሕግ ነው። ብዙ የለቀመም ጥቂት የለቀመም በጎሞር ሲሰፈር እኩል ሆነ። ለነገ ያስቀረው ተላና ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ብቻ እጥፍ ይለቀማል፣ እሱም አይበላሽም። ስንቅ ባጠረበት ሰፈር ሁልጊዜ የሚገድለው ማከማቸት ነው፤ ጉልበተኛው ያከማቻል፣ ደካማው ይገዛል። የመናው ሕግ ነጋዴና ባለ ዕዳ እንዳይፈጠር ከሥሩ ቆርጦታል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ እርዳታ ገንዘብ ሲጽፍ ይህችኑ የመስፈር ነገር መጥቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም። በመሶብ ተቀምጣ ለትውልድ የቀረችው ጎሞርም ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምሳሌ ሆና «መሶበ ወርቅ» ስትባል ትኖራለች፤ ከተቀመጠችበት ምክንያት አንዱ ግን ያ ራሽን ምን ያህል እንደነበር ማሳየት ነው።

ድርጭቱ ከመናው በተለየ ከወፎች ጉዞ ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። ድርጭት በዓመት ሁለት ጊዜ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ትጓዛለች፤ በመከር ከባሕር ማዶ ስትመጣ ደክሟት በሰሜን ሲና ዳርቻ ትወድቃለች፣ የኤል አሪሽ ሰዎችም በመረብ ይይዟታል። በፀደይ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ትመለሳለች። በመጽሐፉ ድርጭት የወረደው ሁለቱም ጊዜ በሁለተኛው ወር ግድም፣ ማለትም በፀደይ ነው፤ መዝሙር 78ም ነፋሱ የምሥራቅና የደቡብ ነው ይላል። ሰዎቹ የለቀሙትን በሰፈሩ ዙሪያ አሰጡት። የግሪክ ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ግብፃውያን ድርጭትን በጨው አድርገው ሳያበስሉ እንደሚበሉ ስለጻፈ፣ ግብፅ ያደገ ሰው ወፍ አድርቆ ማቆየትን ያውቅ ነበር። ሥጋው ገና በጥርሳቸው መካከል ሳለ መቅሠፍት መጣ፤ ቦታውም የምኞት መቃብር ተባለ። በሕክምና ድርጭት ከመብላት የሚመጣ፣ ጡንቻን የሚያፈርስ መመረዝ የታወቀ ነው፤ ከግሪክ ደሴት ሌስቦስ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። መመረዙ ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ ጽሑፉ እንደሚለው በአፍ ሳለ አይገድልም። መገጣጠሙ ግማሽ ብቻ ነው።

የቁጥሩ ነገር

ይህ ሁሉ ሲባል 603,550 ወንድ፣ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ሁለት ሚሊዮን ሰው፣ በብር፣ በወተትና በጉድጓድ ብቻ ሊኖር አይችልም። ቁጥሩን እንዳለ የሚቀበል አማኝ ተአምሩን በሙሉ ክብደቱ መቀበል አለበት፤ ብዙውም ያን ያደርጋል። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ የወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው ይላሉ። ማስረጃቸውን ከውጭ ብቻ አያመጡም። በግብፅ ለዕብራውያት ሴቶች የተጠቀሱት አዋላጆች ሁለት ናቸው። ዘዳግም ምዕራፍ 7 እስራኤልን ከአሕዛብ ሁሉ ጥቂት ነበራችሁ ይላቸዋል። ዘፀአት 23 ደግሞ ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን፣ የዱር አራዊትም እንዳይበዙባችሁ ከነዓናውያንን በአንድ ዓመት አላወጣቸውም ይላል፤ ሁለት ሚሊዮን ሰው ለዚያች ትንሽ አገር አውሬ የሚያስፈራው አይሆንም ነበር።

ከመሬት በታች የተገኘ ነገርም አልረዳም። በሲና ከዚያ ዘመን የትልቅ ሕዝብ ሰፈር ምልክት አልወጣም። ቃዴስ በርኔ ናት በምትባለው በዓይን ኤል ቁዴራት፣ በሰሜን ሲና ካሉት ምንጮች ትልቁ ባለበት ቦታ፣ የተገኙት ምሽጎች በኋላ ዘመን ነገሥታት ጊዜ የተሠሩ ናቸው። የድንኳን ሕዝብ ከኋላው የሚተወው ነገር ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ለሁለት ሚሊዮን ግን ይህ ምክንያት አይበቃም፣ ለጥቂት ሺህ ይበቃል።

የስንቁን ጥያቄ ከቁጥሩ ለይቶ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን የአኗኗሩ መዋቅር አንድ ነው፤ መንጋ፣ ወዳጅ፣ ብር፣ ጉድጓድ፣ በክፍተቱ ላይ መና። መጨረሻ ላይ በሞዓብ ሜዳ ሲሰፍሩ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ይታያል። ከምድያም የማረኩት 675,000 በግ፣ 72,000 ላምና 61,000 አህያ እንደነበር ዘኍልቍ 31 ይቆጥራል። በቀጣዩ ምዕራፍ የሮቤልና የጋድ ልጆች እጅግ ብዙ ከብት ስላላቸው ዮርዳኖስን ሳይሻገሩ የኢያዜርንና የገለዓድን ግጦሽ ለመኑ። ከግብፅ ሲወጡ ባለ መንጋ ነበሩ፤ ከ40 ዓመት በኋላም የከብት መሬት ለማኝ ሆነው ነው የሚታዩት። መናው የቆመው በጌልገላ ፋሲካን አክብረው ከምድሪቱ እህል በበሉ ማግስት እንደሆነ መጽሐፈ ኢያሱ ይናገራል፤ ሮቤልና ጋድ ግን ያን ጊዜ ግጦሻቸውን ከተረከቡ ቆይተዋል።